ያልተገታው ዱላ

ቅዳሜ፣ የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ኮሌጁ አዳራሽ መድረክ ላይ፣ ወንድሜ ሀምዛ ሽመሉን ዝቅ አድርጎ ቆመ። ተጋጣሚው ቲቶ ሰነዘረ። ሀምዛ ዐይኑን እንኳ አልጨፈነም፤ ዱላው ከጆሮ ግንዱ አንድ ጣት ሲቀረው እንደሚገታ ያውቃል። አልተገታም።

የደረቀ ጣውላ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ከዚያ አዳራሹ አጨበጨበ። የትዕይንቱ አካል መስሏቸው ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ እኔ አላጨበጨብኩም። ግን ወዲያውም አልተነሳሁም። ሀምዛ በጉልበቱ ተንበርክኮ ወደ ቀኝ ሲጋደም ካየሁ በኋላ ነው የተነሳሁት። ቲቶ ዱላውን እንደያዘ ወደ መድረኩ ጥግ፣ ወደ አለቃዬ ወደ ዶክተር እንድርያስ ይመለከታል፤ ጥሩ ሠርቻለሁ ወይ እንደሚል ሰው። ከሀምዛ ጆሮ ደም ሲመጣ ነው ዱላውን የጣለው።

«ማይኩን ዝጉት!» አለ ዶክተር እንድርያስ። መጀመሪያ ያለው ይህንን ነው። ማይኩን ዝጉት።

በሀምዛ ባጃጅ ወሰድነው። ባጃጁን የነዳው ጓደኛዬ ኤልያብ ነው፤ መንጃ ፈቃድ የለውም። ሀምዛ ጭኔ ላይ ተኝቶ «ሂኩ፣ ለምን አልገታውም?» አለኝ ሁለት ጊዜ። ከዚያ አስመለሰው።

እሑድ፣ የካቲት 9

ሆስፒታል። ተኝቷል። ሲነሳ ግድግዳው ይዞርበታል። በግራ ጆሮው አይሰማም። እናቴ ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግታ ትሰግዳለች። አባቴ ኮሪደር ላይ ቆሞ ሰው ሁሉ ሲጠይቀው «ጨዋታ ላይ ነው» ይላል። ጨዋታ ላይ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ ሌሎች በሌላ መልክ ሳይጽፉት።

ቅዳሜ የተመረቀው «የዱላ ዘመን» የሚባል የጨዋታ መጽሐፍ ነው፤ ሀምዛና ቲቶ መድረክ ላይ የወጡት በመጽሐፉ ያለውን ፍልሚያ ለማሳየት ነው። ጨዋታው የጠረጴዛ ነው፤ ሰሌዳ የለውም። አራት አምስት ሰው ከብቦ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ አንድ የፈጠራ ሰው ይሆናል፤ ተራኪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ከማዶ ሦስት ሰዎች ቆመዋል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል፤ የምናደርገው መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ፣ ቁጥር ያለበት ጠጠር፣ ይወስናል። ኤልያብ መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ውስጥ የዚህ ዓይነቱን ጨዋታ የፈረንጆች መጽሐፍ ከኢንተርኔት አውርዶ እየተረጎመ ለሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ተጫውተናል።

እኔና ኤልያብ የተጣላነው በዱላ ጉዳይ ነው። በፈረንጆቹ መጽሐፍ ዱላ ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሹ ነው። ጉዳቱ ትንሽ፣ ዋጋው ከምንም የማይቆጠር፤ የሚይዘውም ወይ ጺሙ የረዘመ አስማተኛ ወይ ምስኪን መንገደኛ ነው። ሰይፍ ያለው ሁልጊዜ ይበልጠዋል። እኔ ደግሞ የማስተርስ ጽሑፌን በዱላ ፍልሚያ ታሪክ ላይ ነው የሠራሁት። የእንግሊዝ የድሮ የፍልሚያ መምህራን ረጅም ዱላ ሰይፍ የያዘን ሰው ሳያስጠጋ እንደሚያሸንፍ ጽፈዋል። የግብፅ ገበሬዎች እስከ ዛሬ በሠርግ ላይ በዱላ ይፋለማሉ። እኛ አገር ዱላ ያልያዘ መንገደኛ ማን ነበር? «ይህን የጻፈው ሰው ወይራ ጨብጦ አያውቅም» አልኩት ኤልያብን።

«እንግዲያው አንቺ ጻፊዋ፣ ጀግና!» አለኝ።

ጻፍኩ። «የዱላ ምዕራፍ» አልኩት፤ ሠላሳ ሁለት ገጽ። የወሰድኩት ከአባባ ሚፍታህ ነው፤ የአባቴ አጎት ናቸው፤ ጊምቢቹ ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል፤ ከዚያ በፊት በቀያቸው ዱላ የሚያጫውቱ ጎበዝ ነበሩ። በእሳቸው ቀዬ ጨዋታ የሚያሸንፈው የመታ አይደለም፤ የገታ ነው። ዱላህን በሙሉ ኃይል ሰንዝረህ ከባላጋራህ ጆሮ ግንድ አንድ ጣት ላይ ታቆመዋለህ። ከነካኸው ተሸነፍክ፤ ሰው ፊትም ተዋረድክ። የተሸነፈው ደግሞ ዱላውን ዝቅ አድርጎ ይቆማል፤ ሲሰነዘርበት ያለመነቃነቅ ግዴታ አለበት፤ ከተነቃነቀ የሚገታውን ሰው ያሳስተዋል። ሁለቱም ይተማመናሉ። ሀምዛን በልጅነቱ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ለጨዋታውም እንዲሁ አደረግኩት። ዳይሱ ትልቁን ቁጥር ሲያወጣ ባላጋራ አይሞትም፤ ዱላው ይገታል፤ ባላጋራው ሰው ፊት እጁን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ታሪኩ ይቀየራል፤ ጠላት የነበረው ዕዳ አለበት። ኤልያብ መጀመሪያ የተጫወትንበት ቀን «ሂክሚ፣ ሰው ሳልገድል እንዲህ ላብ አጥምቆኝ አያውቅም» ብሎ ነበር።

ምዕራፉን ለዶክተር እንድርያስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። የኮሌጁ የባህል ጥናት ክፍል ኃላፊ ነው፤ እኔ የኮንትራት ረዳት ተመራማሪው ነኝ። «ግሩም ነው! ይታተማል» አለኝ። «የዱላ ዘመን» ውስጥ ገብቶ ታተመ። ሽፋኑ ላይ የሱ ስም ብቻ ነው። እኔ ምስጋናው ገጽ ላይ ሰባተኛ ነኝ፤ ከክፍሉ ሹፌር ቀጥሎ።

ገጽ አርባ አንድ ላይ መግታት የለም። «የራስ ቅል ሰባሪ፤ ጉዳት እጥፍ» ይላል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ሀምዛ ቤት ገባ። ሐኪሙ የጆሮው ታምቡር ተቀዷል፣ የውስጠኛው ጆሮ አጥንትም ተሰንጥቋል፤ አዲስ አበባ ስፔሻሊስት ይየው፣ በቶሎ፣ አለ። ባጃጅ መንዳት የለም። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ ግድግዳ ይዳብሳል።

«በግራ በኩል ስትሰድቢኝ አልሰማም» አለኝ። «ተገላገልኩ።»

ሳቅኩ። ከዚያ ኩሽና ገብቼ ቆየሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 17

ዶክተር እንድርያስ ቢሮው ጠራኝ። በሩን ራሱ ዘጋው።

«ወንድምሽ እንዴት ነው?»

«አይሰማም፤ አይቆምም፤ ዶክተር።»

«እግዚአብሔር ይማረው። እኛም እየጸለይን ነው።» እስክሪብቶውን ደጋግሞ ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ሂክማ፣ ነገሩን በጥበብ እንያዘው። አደጋ ነው።»

«ገጽ አርባ አንድ አደጋ አይደለም። እኔ የጻፍኩት ዱላው ይገታል ነው የሚለው። ማን ቀየረው?»

«ኤዲት ተደርጓል። ጨዋታ ነው እኮ! ወጣቱ ሳይማታ አይጫወትም። ወረቀት ላይ የሞተ ሰው አይቀበርም።»

«መድረክ ላይ ያወጡት ግን ወረቀቱን አልነበረም።»

ፊቱ ቀላ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ያ ሁልጊዜ ተስፋ የሚሰጠኝ ድምፁ፦ «ኮንትራትሽ ሰኔ ላይ ያልቃል፤ ቋሚ መደብ እንዲከፈት ጽፌያለሁ። ታውቂያለሽ አይደል?»

አውቃለሁ። ጥር ላይም ይህንኑ ነው ያለኝ። ጥር ላይ ያለኝን እዚህ አልጽፍም።

ሐሙስ፣ የካቲት 20

እትዬ አበራሽ ሃያ ሁለት ዓመት የኮሌጁ ጸሐፊ ሆነው ሠርተዋል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ኮምፒውተራቸው ጠሩኝና «ልጄ፣ እኔ ውሃ ልጠጣ እሄዳለሁ። ይህ ስክሪን ክፍት ነው። እኔ ክፍት መሆኑን አላውቅም» አሉኝና ወጡ።

ኮሌጁ በአደጋው ላይ ያቋቋመው የአጣሪ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ረቂቅ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቃል በቃል፦ «አደጋው የደረሰው በረዳት ተመራማሪ ሂክማ ከማል ተሰብስቦ የቀረበው የዱላ ምዕራፍ የጥንቃቄ ሕግ ያላካተተ በመሆኑ፣ እንዲሁም የመረጃ ምንጭ የሆኑት አዛውንት ባህላዊ ልማድ ራሱ ኃይለኛነት የተሞላበት በመሆኑ ነው።»

ሙሉ ስሜ። ከነአባቴ። በሽፋኑ ላይ የጠፋው ስሜ ቃለ ጉባኤው ላይ ተገኘ።

አባባ ሚፍታህ ደግሞ ስም እንኳ የላቸውም። «አዛውንት።» መግታትን ያስተማሩ ሰው ኃይለኛ ተባሉ፤ ያላስተማሩት ደግሞ አጣሪ ሆኑ።

እትዬ አበራሽ ተመልሰው ስክሪኑን ዘጉና «ውሃው ደግሞ ዛሬ ጨው ጨው ይላል» አሉ። እጄን ጨበጥ አደረጉኝ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

የረመዳን መጀመሪያ። ሀምዛ ሐኪሙ ከልክሎት አይጾምም፤ ቁርሱን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በላ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ቲቶ መጣ። ስፖርት ሳይንስ ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ትከሻው በር ይሞላል፤ በራችን ላይ ግን ተጣጥፎ ነው የቆመው። በእጁ መጽሐፉን ይዟል። እናቴ ልታባርረው ነበር። ሀምዛ «ይግባ» አለ።

«ሦስት ሳምንት ተለማምጄው ነው» አለ ቲቶ፤ መጽሐፉን ገልጦ። «ይኸው። ‹ባላጋራህ እጁን ሲያወርድ ሙሉ ኃይልህን ተጠቀም።› ዶክተር ደግሞ የጎማ ዱላ ይመጣል ብሎኝ ነበር። በጠዋቱ አልመጣም፣ በዚሁ ይሁን ተባለ። አንተ ትሸሻለህ ብዬ ነው፣ ወላሂ… ማለቴ፣ በእግዚአብሔር። ለምን አልሸሸህም?»

ሀምዛ ቀኝ ጆሮውን ወደ እሱ አዞረ። «መሸሽ ነውር ነው፣ ጌታው። አንተ ለምን አልገታህም?»

«መግታት ምንድን ነው?»

ልጁ በእውነት አያውቅም። መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ፣ ሦስት ሳምንት ተለማምዶ፣ መግታት የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ ማንም ሊጠላው አልቻለም። ሀምዛ ሽመል እንዳመጣ አዘዘኝና ተቀምጦ፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ የእጅ አንጓ እንዴት እንደሚቆለፍ አሳየው። ቲቶ በአራተኛው ሙከራ ገታ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቴ «ሰዓቱ ደርሷል፤ ሳምቡሳ ብላና ሂድ» አለው።

ረቡዕ፣ የካቲት 26

ከንጋት በፊት ከበላነው ሱሑር በኋላ አልተኛሁም። ስልኬን ከፍቼ ጥር 14 ቀን የተላከውን ፒዲኤፍ አየሁ። ዘጋሁት። ስለዚያ ሌላ ቀን።

እሑድ፣ የካቲት 30

ዛሬ ሽማግሌ መጣብን። ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አባቴ ሚኒባስ በሚያሠራበት ማኅበር ውስጥ አብሮት የኖረ፣ ሌላው ከኮሌጁ። ለኢፍጣር ደረሱ፤ እናቴ ያለንን አቀረበች፤ ከቡላና ከቅቤ የተሠራውን አተካና አመሰገኑ። ከዚያ የኮሌጁ ሰው ከኪሱ ወረቀት አወጣ።

«ነገር ሲከር ይበጠሳል፣ አቶ ከማል። ልጅት እዚህ ላይ ትፈርም፤ ምዕራፉ በሷ በኩል እንደቀረበ ነው፤ ሌላ የለውም። ኮሌጁ ደግሞ በነጋታው መኪናና ደብዳቤ ሰጥቶ ልጁን አዲስ አበባ ያሳክማል። አለቀ።»

«ካልፈረመችስ?» አለ አባቴ።

«ካልፈረመች… ኮሚቴው እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። ኮሚቴ ደግሞ ታውቃለህ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። በሕይወቱ ለምኖኝ አያውቅም፤ ዐይኑ ለመነኝ። «ልጄ፣ ወረቀት ነው። ጆሮው ነው የሚሻለን ወረቀቱ?»

ወደ ኮሌጁ ሰው ዞርኩ። «ወረቀቱን ይተዉልኝ፤ ላንብበው» አልኩ። የማኅበሩ ሰውዬ ሲወጣ በራችን ላይ «የተማረች ሴት ክፋቷ ማንበቧ ነው» ብሎ ሲስቅ ሰማሁት። አብሮት የመጣውም ሳቀ።

ወረቀቱ እዚህ ደብተር ውስጥ ታጥፎ አለ። ሐሰት የሆነው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቀሪው እውነት ነው። ሰው የሚፈርመው እንዲህ ሲሆን ነው መሰለኝ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ሀምዛ ወረቀቱን አገኘው። ደብተሬን እንዳላነበበ ምሎልኛል።

«ልትፈርሚ ነው?»

«ላንተ…»

«ለእኔ አትበይ። እኔን ሰበብ አድርገሽ እንዳትፈርሚ። ቆሜ የተመታሁት አባባ ሚፍታህ ያስተማሩኝን አምኜ ነው። አሁን እሳቸው ያስተማሩኝ መምታት ነው ብለሽ ፈርመሽ ብታሳክሚኝ ጆሮዬ ምን ሊሰማ ነው?» ከዚያ የራሱ ንግግር ከብዶት መሰለኝ፦ «ደግሞ የኮሌጁን መኪና አይቼዋለሁ፤ ቡታጅራ ሳይደርስ ይቆማል።»

እኔ ግን ሌላ ነገር ልነግረው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ጊምቢቹ ሄድኩ። አንድ ወር ሙሉ ያልሄድኩት ሥራ ስለበዛብኝ ነው። ነው ብዬ ነበር።

አባባ ሚፍታህ ከግቢያቸው በር ላይ፣ የአሮጌ መኪና ጎማ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሐቸውን፣ ይቆጥራሉ። ሲያዩኝ አልተነሱም። «የአንቺን መኪና ጠብቄ ጠብቄ ጎማው አለቀ» አሉኝ በሀዲይኛ። ጎማውን መታ መታ አድርገው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ሁሉንም ሰምተዋል። ስለ ሀምዛ ጠየቁኝ፤ ስለ ልጁ ስለ ቲቶ ሳይቀር። ገጽ አርባ አንድን በሀዲይኛ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙ።

«ፍሬን የሌለው መኪና ነዋ የሠራው» አሉ። «መሄድማ ማን ያቅተዋል? ቁልቁለት ላይ ድንጋይም ይሄዳል። መምታትማ በቅሎም ትራገጣለች። ሹፌር የሚባለው ማቆም የቻለ ነው።» ቆይተው፦ «አንቺ ግን አላየሽውም ነበር? ሳይታተም?»

ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። ኤልያብ አልጠየቀኝም፤ ሀምዛ አልጠየቀኝም፤ እንድርያስ የሚያውቀው ስለሆነ መጠየቅ አያስፈልገውም።

«አይቼዋለሁ» አልኩ።

ጥር 14 ቀን በቴሌግራም ላከልኝ። ገጽ አርባ አንድን አየሁ። ሽፋኑንም አየሁ። ከሥሩ «ቋሚ መደቡ እየተንቀሳቀሰ ነው፣ አሁን ነገር አናብዛ» ብሎ ጽፏል። ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያ «እሺ ዶክተር፣ ጥሩ ነው» ብዬ መለስኩ። ጥሩ ነው። ማንም ያልጠየቀኝን ጨመርኩበት። ከዚያ ሀምዛ መድረክ ላይ እንዲወጣ ሲጠየቅ «ውጣ፣ ደስ ይላል» ያልኩትም እኔ ነኝ። ስሜ ባይኖርም ቢያንስ የቤታችን ሰው እዚያ ይቁም ብዬ።

ይህን ሁሉ ለአባባ ሚፍታህ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም፤ የባሰው እሱ ነው። ሙስበሐቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«እኔ ሳስተምርሽ ምን አልኩሽ?»

«መግታቱን አስቀድመሽ ጻፊ።»

«ጽፈሻል። ጽፈሽ ስታበቂ አሳልፈሽ ሰጠሽው።» ወደ መንገዱ እያዩ ነው የሚናገሩት። «እሱን ሰውዬ እኔ አላውቀውም፤ እሱ አልበደለኝም። አንቺን ነው የማውቀው።»

ማልቀስ አማረኝ፤ አላለቀስኩም፤ ጾም ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ያልፋል። ስነሳ እጄን ያዙና «ኮሚቴ ያሉት ጋ የራስሽን ቀድመሽ ተናገሪ። የራሱን ያልተናገረ ሰው የሌላውን ሲናገር ሰው ጆሮ የለውም» አሉኝ።

በሚኒባሱ ውስጥ ሳስብ፦ ይቅር አላሉኝም። አልጠየቅኳቸውም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

አባቴ ሚኒባሱን ለሌላ ሹፌር ሰጥቶ ሀምዛን ራሱ ሊወስደው ወሰነ። «ኮሌጅ አልጠብቅም» አለ። ወደ እኔ አላየም። ለኤልያብም ስለ ፒዲኤፉ ነገርኩት። ሱቁን ዘግቶ ወጣ፤ እኔን እዚያው ትቶኝ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሶ «ነይ፣ ቀን ያለበትን ፋይል ሁሉ እናትም። የላክሽውን፣ የላከልሽን፣ የመለስሽውንም» አለ። «የመለስሽውንም» ሲል አየኝ። «እሱን ነው መጀመሪያ» አልኩት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ወረቀቱን ሳልፈርም ዛሬ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ፤ አምስት ሰው ነው። እንድርያስ አባል አይደለም፤ ግን ከጎን ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ምዕራፍ፣ ቀኑ ከነፋይሉ፣ አስቀመጥኩ። ቀጥሎ ጥር 14 የላከልኝን። ቀጥሎ የእኔን መልስ። ራሴ አነበብኩት፦ «እሺ ዶክተር፣ ጥሩ ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲህ ተስማምተሻል ማለት ነው።»

«አዎ። በዝምታዬ ጥፋተኛ ነኝ፤ ይጻፍ። መግታቱን ያወጣሁት ግን እኔ አይደለሁም፤ እሱም ይጻፍ። የጎማ ዱላ ሳይመጣ ‹በዚሁ ይሁን› ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ እሱም ይጻፍ። አዛውንቱም ስም አላቸው። ሚፍታህ ሎንሰቆ ይባላሉ። እሳቸው ያስተማሩት መግታት ነው።»

«ስሜታዊ አትሁኚ» አለ አንዱ።

«ስሜታዊ አይደለሁም። የታሪክ ባለሙያ ነኝ። ምንጭ ስትጠቅሱ ምንጩ ያለውን ነው የምትጠቅሱት።»

እንድርያስ ተነስቶ ተናገረ። እኔን እንደ ልጁ እንደሚያይ፣ ወጣት እንደሆንኩ፣ በወንድሜ ምክንያት እንደተጎዳሁ። ድምፁ ደግሞ ያው ነው፤ የለሰለሰው። ከዚህ በፊት ያ ድምፅ ምን ያህል ደስ ይለኝ እንደነበር ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ቲቶ ተጠርቶ ውጭ እየጠበቀ ነበር። ገብቶ ስለ ጎማው ዱላ ተናገረ። ሊመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶታል፤ ምን ሊያደርጉት እንደሚችሉ ያውቃል።

እትዬ አበራሽ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ሲጽፉ ቀና አላሉም። ብቻ «ሚፍታህ ሎንሰቆ» ስል «ይድገሙልኝ» አሉኝ፣ እንደማያውቁኝ። ደገምኩ።

እሑድ፣ መጋቢት 21

ዒድ። ሀምዛና አባቴ አዲስ አበባ ናቸው። እናቴ ለስድስት ሰው አብስላ ለሁለት ሰው አቀረበች። ስልክ ተደወለ፦ ሐኪሙ አጥንቱ ይድናል፣ ማዞሩ በልምምድ ይቀንሳል፣ መስማቱ ግን አይመለስም አለ። አባቴ ይህን ሲናገር ከጀርባው ሀምዛ «በቀኜ ደውሉልኝ!» ይላል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 25

ሁለት ነገር ሆነ።

ጠዋት ደብዳቤ ደረሰኝ። ኮንትራቴ «በበጀት እጥረት» ከዚህ ወር መጨረሻ ጀምሮ ተቋርጧል። የኮሚቴው ውጤት ደግሞ «ሁሉም ወገን የጥንቃቄ ጉድለት ነበረበት» የሚል ነው። ሁሉም ወገን። ሀምዛም ወገን ነው እንግዲህ፤ ቆሞ በመመታቱ።

ከሰዓት እንድርያስ ደወለ።

«ሂክማ፣ መጽሐፉ አልቋል፤ ሰው እየጠየቀ ነው። ከዚያ ነገር በኋላ እንዲያውም ይበልጥ ይፈልጉታል። ሁለተኛ እትም ልናወጣ ነው። እኔ ደግሞ የጎደለብሽን አውቃለሁ። ስምሽ ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ከእኔ እኩል፤ በአንድ መጠን።»

ሁለት ዓመት የፈለግኩት ይህ ነው። ዋሽቼ አልጽፍም፤ ሽፋኑ ዐይኔ ላይ ድቅን አለ።

«ገጽ አርባ አንድስ?» አልኩ።

«እሱ ላይ ማስጠንቀቂያ እንለጥፋለን። ‹በቤት ውስጥ እንዳይሞከር› የሚል። ገጹ እንዳለ ይሁን፤ ሰው የሚወደው እሱን ነው።»

«ምስጋናው ላይ አባባ ሚፍታህስ?»

«የሳቸው ነገር ኮሚቴው ላይ ስለተነሳ… ባይነሳ ይሻላል።»

ስልኩን ዘጋሁት፤ ሳልሰድበው። ስድብ ነበረኝ።

ቤት ስገባ ሀምዛ ከአዲስ አበባ ደርሷል። ከበሩ እስከ ወንበሩ በራሱ ሄደ፤ አሥራ አንድ እርምጃ፤ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ነካ። እናቴ ከግራው ስትጠራው አልዞረም። እኔ ደግሞ የእንድርያስን ጥሪ ለሁሉም ነገርኳቸው፤ ሽፋኑን ጨምሮ፣ እንዳማረኝ ጨምሮ። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ታዲያ ምን ትይዋለሽ?» አለኝ። ከየካቲት ወዲህ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። የምለውን እዚህ ልጻፍና ነገ ለኮሌጁ፣ ለማተሚያ ቤቱና መጽሐፉን ለሚሸጥ ሁሉ እልካለሁ፦

ስሜ ወንድሜን ካደነቆረው ገጽ ጋር በአንድ ሽፋን እንዲወጣ አልቀበልም። የሚፍታህ ሎንሰቆ እውቀት የሳቸው ስም ተፍቆ፣ ተገልብጦ፣ ባህል ተብሎ እንዲሸጥ አልቀበልም። የወንድሜን ሕመም ለእኔ ፊርማ መደራደሪያ አድርጎ በራችን ላይ የሚቆም ሽማግሌ አልቀበልም። በለሰለሰ ድምፅ የሚሰጠኝን ማንኛውንም ነገር፣ የምመኘው ቢሆን እንኳ፣ ከሥሩ ያለውን ሳላነብ አልቀበልም፤ አንብቤም ዝም ካልኩ ራሴን አልቀበልም።